የአርቪድ ጉልበትና የጓሮው ድንጋይ

ቪዮላ ባሏን ሳምንቱን ሙሉ ስታስጠናው ከረመች። "ሲጠይቁህ እውነቱን ተናገር። ጉልበቴ ደረጃ አያስወጣኝም በል። ክረምቱን ሙሉ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የተኛሁት በል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።"

"እሺ" ይላታል አርቪድ። እሺ ማለት አይቸግረውም፤ የሚቸግረው አመመኝ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ትራክተር እግሩ ላይ ወጥቶበት፣ ሐኪሙን "ምንም አይል፣ አንተስ ደህና ነህ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። እርግጥ በሚኒሶታ ገጠር እንዲህ ያለው እሱ ብቻ አይደለም። እዚያ ዝም አይነቅዝም የሚለውን እንደ ሃይማኖት ነው የያዙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኝታ ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው፤ አርቪድ ደግሞ ከእንግዲህ ፎቅ አይወጣም። ስለዚህ ከሳሎኑ ጎን አንዲት መኝታ ክፍል ከነመታጠቢያዋ ሊቀጥሉ አሰቡ። የከተማዋ ደንብ ግን ከጎረቤት ወሰን አሥር ጫማ ሳትርቅ አትሥራ ይላል፤ የእነሱ ክፍል የምትርቀው አራት ብቻ ነው። በልዩ ፈቃድ ሊያልፋቸው የሚችለው የከተማው ጉባኤ ነው። ጉባኤው እምቢ ካለ ቤቱ ይሸጥና ልጃቸው ወዳገኘችላቸው የአረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ።

ቪዮላ ለራሷ ቢሆን ዛሬውኑ በገባች ነበር። አሁን ያሉበትን ቤት አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። ነፋሱ ያስጠላታል፣ ጠባቡ ወጥ ቤት ያስጠላታል፣ ሐይቁ ቅርብ ሆኖ ሳለ ሐይቁን የማያሳየው መስኮት ያናድዳታል። አርቪድ ግን ይወደዋል። ከዚያ ቤት ካወጡት ክረምቱን አይከርምም ብላ ፈርታለች፤ ፍርሃቱ እንቅልፍ ነስቷታል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጉባኤው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተሰየመ። ሰብሳቢዋ ማርሊስ፣ አርቪድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳ በነበረ ጊዜ ያመላልሳት የነበረች ልጅ ናት። አሁን መነጽር አድርጋ ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች።

"አቶ አርቪድ፣ እንደምን አሉ?"

ቪዮላ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

"ተመስገን ነው! ምን ጎደለኝ?"

"ጉልበትዎን ያምዎታል ተብለን ነበር።"

"ኧረ እሱ ምንም አይል። ከኔ የባሰ ስንት አለ! ይልቅ ኤልሮይን እዪው፣ ጀርባው እንዴት እንደሚያደርገው።"

ጎረቤታቸው ኤልሮይ ከኋላ ብድግ አለ። የመጣው ሊቃወም ነው። "ኧረ እኔም ደህና ነኝ! ተቃውሞም የለኝም። ብቻ ያው... አጥሬ ሥር የሰው መታጠቢያ ቤት... ግን ግድ የለም። ሚስቴ ናት ትንሽ ቅር ያላት፤ እሷም ያን ያህል አይደለም" ብሎ ተቀመጠ። በዚያ አገር ይሄ ጦርነት ማወጅ ነው።

ቪዮላ አላስችል አላት። "ይዋሻል! ሲያቃስት ፎቅ ድረስ ይሰማኛል!" ስትል አርቪድ ልብሱን በአደባባይ የገፈፈችው ያህል ቀላ።

ማርሊስ መነጽሯን አወለቀች። "እትዬ ቪዮላ፣ አምንዎታለሁ። ግን ሕጉ የሰውን ችግር አይቆጥርም። ሰው ይሸጣል፣ ይሄዳል፤ ቤቱ እዚያው ነው። ችግሩ የመሬቱ መሆን አለበት። ጓሮአችሁ እኮ ሰፊ ነው፤ ለምን ወደዚያ አትሠሩትም? መሬቱ ምን ሆነ?"

"መሬቱ?" አለ አርቪድ። ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። "ማርሊስ፣ ስለዚያ መሬት ነው የምትጠይቂኝ?"

"አዎ።"

"እሱ መሬት አይደለም፣ እርግማን ነው! ጓሮው ከሥሩ አለት ነው። በድማሚት ሞክሬው ድማሚቱ አፈረ እንጂ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። አለቱ ሲያልቅ ደግሞ ምንጭ አለ። በረዶ ሲቀልጥ ከሳሎኑ ሥር ያለው ምድር ቤት ውስጥ ዳክዬ ማርባት ይቻላል! ድንች ተክዬ ድንጋይ ነው ያፈስኩት፤ ለዚያውም ጥሩ ምርት። የሸጠልኝ ሰውዬ ሲፈርም ለምን እንደሳቀ የገባኝ ቆይቶ ነው። ውሻችን እንኳ አጥንቱን የሚቀብረው ኤልሮይ ግቢ ነው!"

"እውነቱን ነው" አለ ኤልሮይ። "አጥንቱስ ይቅር፣ ምንጩም ወደኔ ነው የሚወርደው። ጓሮውን ቆፍሮ ከሚያጥለቀልቀኝ፣ በጎን ይሥራ።"

ቪዮላ አፏን ከፍታ ቀረች። ሰውየው ይህን ሁሉ ምሬት የት ደብቆት ኖረ?

ከጉባኤው አባላት አንዱ ግራ ገባውና "ታዲያ ይሄን ያህል ከከፋ ለምን ሸጠውት አልሄዱም?" ሲል ጠየቀ።

አርቪድ የሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው አየው። "ቪዮላ ትወደዋለቻ!"

እጅ ወጣ፤ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ፈቀደ። ኤልሮይ የአርቪድን እጅ ጨበጠ። ቪዮላ ግን አንዱንም ልብ አላለችው።

መኪናቸው ውስጥ ገብተው ቁልፉን እንደያዘች ተቀመጠች።

"አርቪድ።"

"እ?"

"እኔ ያን ቤት ወድጄው አላውቅም።"

አርቪድ ዞሮ አያት። "መቼም?"

"ከገባንበት ቀን ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ?"

አርቪድ ወደ አዳራሹ በር ተመለከተ። "እና አሁን ተመልሰን ትተነዋል እንበላቸው?"

"ይሄን ሁሉ ሰው አድክመን? ነውር ነው!"

አርቪድ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሣ ቤቱን ማማት ጀመሩ። እሷ ነፋሱን አነሣች፣ እሱ ጣሪያውን። እሷ ወጥ ቤቱን፣ እሱ በክረምት የሚቀዘቅዘውን ቧንቧ። እንደዚያ ቀን አውርተው አያውቁም። መስኮቱ በትንፋሻቸው ጭጋግ ለበሰ።

"ጉልበቴም" አለ አርቪድ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። "ያመኛል፣ ቪዮላ። ሁልጊዜ ነው የሚያመኝ።"

ታውቃለች። ቢሆንም ከአንደበቱ ስትሰማው እንባዋ መጣ።

"የቱ ጋ?" አለችው።

እጇን ይዞ አሳያት።