በክንድ የሚወጣ ደረጃ

ጀርባዋን ለደረጃው ሰጥታ ተቀመጠች። መዳፎቿን ከኋላዋ ባለው ሲሚንቶ ላይ ተክላ፣ ትንፋሿን ውጣ ራሷን አነሳች። አንድ ደረጃ። ከዚያ እግሮቿን በየተራ በእጇ እየሳበች አስከተለቻቸው፤ እንደ እንቅልፋም ልጆች።

ታች፣ ባዶው ዊልቸር አጠገብ፣ ታናሽ ወንድሟ ክንዶቹን አጣምሮ ቆሟል። ማታ ማታ ከልብስ ስፌት ሱቋ ስትመለስ አዝሎ የሚያወጣት እሱ ነው። ነገ በሌላ ከተማ ሥራ ይጀምራል፤ እሷ ብቻዋን መውጣት ካቃታት ግን ይቀራል። አፍ አውጥቶ ባይናገረውም፣ ሻንጣውን እስካሁን እንዳልዘጋ አይታለች።

«እታለም፣ አዝዬሽ ልውጣና እንገላገል።»

«እንዳትነካኝ! አንተ ወገብህን ጠብቅ፣ ሽማግሌው።»

ለዚች ቀን ወራት ተዘጋጅታለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ነገሩን ሳታድበሰብስ ነግራታለች፤ እግር ካልሠራ ሰውነት የሚያቃጥለው ካሎሪ ያንሳል፣ ስለዚህ ምግቡ ልክ ይኑረው፣ ክንዶቿም ይሥሩ፤ መራብ ግን አይቻልም። ክብደቷ ቀስ በቀስ ወረደ፣ ትከሻዋ ጠነከረ። ነገሩ ያልተዋጠላት እናቷ ብቻ ናት። «ለመሆኑ ይህን ካሎሪ የምትሉትን ነገር በዓይኑ ያየው ሰው አለ?» እያለች በልጇ ሳህን ላይ ምግብ ትቆልላለች።

ዛሬ ግን የተሳሳተችው እናቷ ሳትሆን እሷው ነች። ቅልል ልበል ብላ ምሳዋን ዘለለች።

ግማሽ ላይ ስትደርስ ክንዶቿ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ግድግዳው ዞረባት። አንዱ መዳፏ በላብ ተንሸራተተና ክርኗ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተላተመ። የወንድሟ ጫማ የመጀመሪያውን ደረጃ ሲረግጥ ሰማች።

«ባለህበት ቁም!»

ቆመ። አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ቀና አለች። እናቷ ከላይ፣ በሩ ላይ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና ታያታለች።

«እማዬ፣ ምሳ አልበላሁም። የሚበላ ነገር አምጪልኝ።»

«አላልኩሽም! በባዶ ሆድሽ… ወይ የኔ ጣጣ! መጣሁ፣ መጣሁ የኔ እናት።»

«ትንሽ ነው ያልኩሽ። የሚያነሳኝን ያህል ብቻ።»

 እናቷ ልጇ በክንዷ ስትወጣ አይታት አታውቅም። ጠርዙ የላጠውን ክርን፣ እየተንቀጠቀጠ ያልታጠፈውን ክንድ አየች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች።

የድስቱ ክዳን ሲነሳ ተሰማ። ጭልፋው ሳህኑን አንዴ ነካው።

እናቷ ሁሌ የምትደርበውን ሁለተኛ ጭልፋ ጠበቀች።  አልመጣም፤ ጭልፋው ድስቱና ሳህኑ መካከል የሆነ ቦታ ቆሟል።

መዳፎቿን በቀሚሷ አደረቀችና ከኋላዋ ባለው ደረጃ ላይ ተከለቻቸው።