አንገት ላይ የበቀለች ሽምብራ

እማማ ደብሪቱን ያንገበገባቸው ሐኪሙ እሳቸውን ዘሎ ለልጃቸው ለፋሲካ ማውራቱ ነው። «እብጠቱ ግላንዱላር ነው» አላት፤ እሷም እንደገባት ሰው ራሷን ነቀነቀች። እማማ ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ አንገታቸውን ደባበሱ።

«አንተ ልጅ፣ አንገቱ የኔ ነው! ምን ማለት ነው?»

«የእጢ ማለት ነው፣ እማማ» አለ ሐኪሙ ደንገጥ ብሎ። «ከላቲን የመጣ ነው። እጢ ሲዳሰስ ፍሬ ስለሚመስል፣ በትንሽ የዛፍ ፍሬ ሰየሙት።»

እማማ ወደ ፋሲካ ዞሩ። «ሽምብራ በቀለብኝ ስልሽ ከአስኮ እስከዚህ ስትስቂብኝ አልመጣሽም?»

ፋሲካ አቀረቀረች። የእማማ እጅ ግን ከአንገታቸው አልወርድ አለ። ወንበራቸውን ወደ ሐኪሙ ጎተቱ።

«ስሙንስ ሰማሁ። አሁን እሷን ተዋትና እኔን እያየህ ንገረኝ፤ ይገድለኛል ወይስ አይገድለኝም?»