ኮከቡ የረገጠው ወሰን

ሐሙስ ጠዋት አንድ የባሕር ኮከብ ከነጭ ገደል ድንጋይ ተላቆ ወጣና ለወይዘሮ አትጠገብ ሊመሰክር መጣ። አገሩ ዳይኖሰሮች ሊያልቁ ሲሉ ባሕር ነበር፤ ኮከቡም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ድንጋይ ሆኖ እዚያው አለ። ሁሉም ሲያየው ስለኖረ ማንም አልደነገጠም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቷ ጉልላት ገደሉን አፍርሶ ለኖራ ሊሸጠው ቋምጦ "የእኔ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። እሷ ደግሞ ከገደሉ ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ሌላ ውሃ የላትም፤ ገደሉ ከፈረሰ አትክልቷም ላሞቿም አበቃላቸው። በዚያ አገር የወሰን ክርክር የሚፈታው በምስክር እግር ነው። ወሰኑ ሲከለል የነበረ ይምላል፣ ወሰኑን በእግሩ ይሄዳል፣ የረገጠው ይጸናል። እስኪጨርስ ተሟጋቾቹ ይቆማሉ፤ የተቀመጠ ተረታ። የሷ ምስክሮች ግን አንድም ሳይቀሩ ሞተዋል።

ፍርዱን የያዙት ሽማግሌ ጋሽ ወንድይራድ ከገደሉ አጠገብ ካለ ወፍጮ ቤት ጥላ ሆነው ኮከቡን "ወሰኑ ሲከለል ነበርክ?" አሉት።

"ከወሰኑ በፊትም ነበርኩ።"

"ማል እንግዲህ።"

"ብዋሽ ባሕሬ አይመለስ" አለ ኮከቡ።

ጉልላት ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "እሺ፣ በእግሩ ይሂዳ። የታለ እግሩ?"

ኮከቡ ተገለበጠ። ከአምስቱ ክንዶቹ ሥር ያለው ሁሉ እግር ነበር፤ ጤፍ ጤፍ የሚያህል፣ ስፍር ቁጥር የሌለው እግር። ኮከቡ ተመልሶ ተገለበጠና ጉዞ ጀመረ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አንድ ክንድ ርቀት ብቻ ሄዷል። እሾሃቸው የረገፈ ድቡልቡል የባሕር ጃርቶች ከገደሉ እየወጡ፣ ባለፈበት ሁሉ የወሰን ድንጋይ ሆነው ተቀመጡ። ወይዘሮ አትጠገብ መቆሙ አድክሟታል፤ እንዳትረታ ፈርታለች፣ ግን ለዚህ ሰው ፍርሃቷን ከምታሳየው ብትሞት ይሻላታል።

"አረፍ በል እንጂ አቶ ጉልላት፣ ደከመህ" አለችው።

"አንቺ እረፊ" አለ በግራ እግሩ ቆሞ። ትንሽ ቆይቶ በቀኙ ቆመ። ከዚያ ላንድ አፍታ ብቻ ብሎ፣ ሰው ያላየው መስሎት፣ አጠገቡ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ አለ።

"ተቀምጧል" አለ የባሕር ጃርቱ ከሥሩ።

ጋሽ ወንድይራድ ጎንበስ ብለው አዩና "ተረታ" አሉ። ለማየት የመጡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ወይዘሮ አትጠገብ እያለቀሰች ሳቀች፤ ገደሉ የሷ ነው፣ ምንጩም የሷ ነው። ኮከቡ ግን ፍርዱን የሰማ አይመስልም፤ መንገዱን ቀጠለ።

አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ እሷ ቀረች። ከታች፣ ከደረቁ ሸለቆ፣ ኮከቡ የማለበት ባሕር ሽቅብ መጣ፤ የጉልላትን ማሳ አለፈና የጃርቶቹ መስመር ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቁመቱ ከገደሉ ይበልጣል፣ ጠብታ ግን ወደሷ አላለፈም። ግባ እስክትለው ይጠብቅ ነበር።