የአበርዌን መዝገብ

የካውንቲው ምክር ቤት ሊፈርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ካውንቲው ከጎረቤቶቹ ጋር ሊዋሃድ ስለሆነ የሰማንያ አምስት ዓመት መዝገብ በካርቶን እየታሸገ ነው። ጸሐፊዋ ቴግዌን ግን ማሸጉን ትታ ማንበቡን ተያይዛዋለች። አንድ ነገር ሳታውቅ መዝገቡን የሚወስደው መኪና እንዲሄድባት አትፈልግም፤ አያቷ አቶ ጊቶ ድምፃቸውን ሸጠዋል ወይስ አልሸጡም?

አበርዌን ውስጥ ታሪኩን የማያውቅ የለም። ከስልሳ ስድስት ዓመት በፊት፣ አዲሱ ጽሕፈት ቤት አበርዌን ይሠራ ወይስ ላንቬሪ ሲባል፣ ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነና የላንቬሪው ሊቀ መንበር ለከተማቸው ፈረዱ። የአበርዌኑ ተመራጭ ጊቶ ግን ያን ቀን ቀሩ፤ የት እንደዋሉም እስኪሞቱ ትንፍሽ አላሉም። ጉቦ በልቷል ተባለ። ልጃቸው ወይዘሮ ሞርቪድ፣ የቴግዌን እናት፣ ከኀፍረት የተነሳ ዛሬም ጸሎት ቤት የሚቀመጡት በር ሥር ነው።

«አንቺ፣ አሁንም አያትሽን እየፈለግሽ ነው?» አለ አብሯት የሚያሽገው የላንቬሪው ኤምሊን ካርቶን እያነሳ። «ለጉቦ እኮ ደረሰኝ አይቆረጥም!»

«ዝም ብለህ ተሸከም! ይልቅ ስብሰባው አንዴ እኛ ጋ፣ አንዴ እናንተ ጋ አልነበር? የፊርማ መዝገቡ ለምን አንድ ብቻ ሆነ?»

«ማን አንድ አለሽ? የኛ መዝገብ እናንተ አዳራሽ ሊገባ? አበርዌን ሲሰበሰቡ የሚፈረምበት ለብቻው ነው፤ ያውልሽ መስኮቱ ሥር።»

ቴግዌን ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋች። የጥር ወር ስብሰባ የላንቬሪ ተራ ነበር፤ በበረዶ ምክንያት ተሰረዘ። ላንቬሪ ተራዋን ስላልተጠቀመችበት የየካቲቱም እዚያው ተደረገ፤ ድምፅ የተሰጠውም ያኔ ነው። በአበርዌኑ መዝገብ፣ በዚያው የየካቲት ቀን፣ አንድ ፊርማ ብቻ አለ። የአያቷ!

አቶ ጊቶ የተሰረዘውንም ተራ ቆጥረውት ኖሯል። የአበርዌን ተራ መስሏቸው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲጠብቁ ውለዋል። ቢናገሩ የአገር መሳቂያ ሊሆኑ ነው፤ ከሞኝ ይልቅ ጉቦኛ መባልን መረጡ። ምን ዓይነት ኩራት ነው፣ ልጅን ዕድሜ ልኳን በር ሥር የሚያስቀምጥ! ከፊርማው በታች በጥንቃቄ ጽፈዋል፤ «የተገኙ፦ አንድ። ጽሕፈት ቤቱ አበርዌን እንዲሠራ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ቴግዌን ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ኤምሊን ገጹን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ። «እስከ ሰኞ ውሰጂው» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ አላየሁም።»

ወይዘሮ ሞርቪድ ሦስት ጊዜ አነበቡት። «አይ አባባ! አይ የኔ ሞኝ!» አሉ።

እሑድ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው በሩን አለፉና ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንዲት ጎረቤታቸው፣ «ውይ፣ ቦታዎ እዚህ ነው እንዴ?» አለቻቸው።

«ዛሬ የኛ ተራ ነው» አሉ።