በሞቴ የተለመነች ነብር

ሸዋነሽ የማትችለው ነገር ቢኖር ቀርቦ የማይበላ ምግብ ማየት ነው። አትላንታ አጠገብ ሊልበርን ያለው ቤቷ ቧንቧ ሊጠግን የገባ ሰው እንኳ ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም። አትላንታ ውስጥ በምታጸዳው መካነ እንስሳት ሜላቲ የምትባለው የሱማትራ ነብር ስጋዋን እያሸተተች ፊቷን ማዞር ከጀመረች አራተኛ ቀኗን ስትይዝማ፣ ሸዋነሽ ዝም ማለት አቃታት።

«ምን ሆና ነው?» አለቻት የነብሯን ተንከባካቢ፣ እዚያው አሜሪካ ሮዝዌል ተወልዳ ያደገችውን የሐበሻ ልጅ ሊዲያን።

«ዋት ኢቨር፣ አኩርፋለች። ዌይት፣ ኪሎ ማለቴ፣ ካልጨመረች ደግሞ ትራንስፈር አያደርጓትም። ቴክሳስ ወንድ አለ እኮ፣ ፐርፌክት ማች! ሱማትራ ጫካ ውስጥ የቀሩት ላይክ፣ ስድስት መቶም አይሞሉም። ደኑ ተቆረጠ፣ የተረፉትን በሽቦ ትራፕ ያደርጓቸዋል። የእሷ ልጆች ያስፈልጉናል፣ እትዬ ሸዋነሽ።»

«ሙሽራ ናታ!» አለች ሸዋነሽ ደንግጣ። ሙሽራ ደግሞ ባዶ ሆዷን አትሸኝም።

ባልዲዋን ደፍታ ከፍርግርጉ ፊት ለፊት ተቀመጠችበት። «በሞቴ! አንዴ ብቻ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ሊዲያ በሳቅ ፈረሰች። ሜላቲ ግን ጆሮዋን አቆመች። ሸዋነሽ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች፣ ተመልሳ ለመነች። በመጨረሻ ነብሯ፣ ምናልባትም ሰልችቷት፣ ስጋውን በመዳፏ ሳብ አድርጋ በላች።

ከዚያ ወዲህ ያለ «በሞቴ» ምሳ የለም። ሊዲያ ሜላቲን በመዘነች ቁጥር ሸዋነሽ ኪሎዋን ለማየት መወልወያዋን ጥላ ትሮጣለች። ምን እያደረገች እንደነበር የገባት ለጉዞው የሚፈለገው ኪሎ ሲሞላ ነው። የምትወዳትን በገዛ አፏ ለምና ለመንገድ አበቃቻት።

ማክሰኞ ጠዋት ሜላቲን ወደ ቴክሳስ የሚወስደው መኪና መጣ። «ውለጂ፣ ክበጂ» ብላ መረቀቻትና ማንንም ሳታፍር አለቀሰች።

በምሳ ሰዓት ምግቧን ከፍታ አየችውና መልሳ ከደነችው። ሊዲያ መጣች። ባልዲውን ደፍታ ከጎኗ ተቀመጠችና ከሳንድዊቿ ቆርሳ ወደ ሸዋነሽ አፍ ዘረጋች።

«በሞቴ» አለች።

ሸዋነሽ ፊቷን አዞረች። የሊዲያ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ይቺን ብቻ፣ እትዬ ሸዋነሽ።»

ሸዋነሽ ከፍርግርጉ ወዲያ ያለውን የሜላቲን ባዶ ክፍል አንዴ አየችና አፏን ከፈተች።