ምላስ ያወጣው ማኅበር

ዮሐና ስዊዘርላንድ፣ ዲቲኮን በምትባል ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ዙሪክ የቻይና ባህላዊ ሕክምና የምትማር ልጅ ናት። ለመመረቂያዋ አንድ ማኅበረሰብ መርጣ የሰዎቹን የሰውነት ጠባይ ማጥናት ነበረባት። በቻይናዎቹ ትምህርት የሰው ገላ ዘጠኝ ዓይነት ነው፤ ብርዳም አለ፣ እርጥበት የበዛበት አለ፣ ውስጡ የታመቀ አለ፤ ዕድለኛው ደግሞ ሚዛኑን የጠበቀ ይባላል። ይህም ምላስ ታይቶ ይለያል። እሷም ሩቅ ሳትሄድ፣ ጄኔቭ የሚኖሩት አክስቷ ወይዘሮ የሻረግ ያሉበትን የሐበሾች መረዳጃ ማኅበር መረጠች።

በዓቢይ ጾም አንድ እሑድ፣ አባላቱ ከቅዳሴ ወጥተው ኦ ቪቭ በሚባለው ሰፈር ባለው አዳራሽ እንደተሰበሰቡ፣ ዮሐና ትንሽ ባትሪ አብርታ "እስቲ በየተራ ምላሳችሁን አውጡልኝ" አለች።

ጡረተኛው አቶ ኅሩይ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። "እኔ ምላሴን ያወጣሁት በልጅነቴ ነው፤ ለዚያውም ተገርፌበታለሁ።"

"ለሐኪም የማይወጣ ምን ነገር አለ?" አሉ ወይዘሮ የሻረግ። "ያውጡት እንጂ!"

አወጡ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቅር? ስንቱ የተከበረ ሰው፣ ነጠላ ያጣፋው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰው፣ ተሰልፎ ምላሱን ዘረጋ። የሁሉም ደረቅ ነው፤ ነጭ ነገር ለብሷል። ወይዘሮ ሕብስት በዚያ ነጭ ነገር ምክንያት "እርጥበት በዝቶብዎታል" ሲባሉ "ምድር ቤት ነኝ እንዴ?" ብለው ተቆጡ። አቶ ኅሩይ ውስጣቸው የታመቀ ሆኑ።

የሊቀመንበሩ የአቶ ታዲዮስ ምላስ ብቻ ወዝ ያለው፣ ቀይ፣ የሚያምር ነበር። ዮሐና ደስ ብሏት "ሚዛንዎን ጠብቀዋል!" አለቻቸው።

አቶ ታዲዮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቆሙ። "ምሥጢሩ ጾም ነው፣ ወገኖቼ..." ብለው ጀመሩ። ንግግራቸው ማለቂያ አጣ። በመጨረሻ አቶ ኅሩይ ጠረጴዛውን መቱ።

"ልጅቷ እውነቷን ነው! እኔን ያመቀኝ ይኸው የርስዎ ንግግር ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ታዲዮስ ኮታቸውን አንሥተው ወጡ።

ዮሐና ዙሪክ ተመልሳ ውጤቱን ለመምህሯ አሳየች። መምህሯ መነጽሯን አወለቀች።

"ከምርመራው በፊት ምን በልተው ነበር?"

"ምንም።"

"ውኃስ?"

"እሱንም አልቀመሱም።"

"ታዲያ የመረመርሽው ረኀብን ነው" አለቻት።

ዮሐና በኀፍረት ለአክስቷ ደወለችና ነገሩን አስረዳች። አክስቷም "ቆይ፣ የታዲዮስ ምላስ ጤነኛ የሆነው... በልቶ ነዋ!" አሉ። ለሰው አላወሩም፤ ይህ ለእሳቸው ትልቅ ተጋድሎ ነበር። ቀጥታ አቶ ታዲዮስ ቤት ሄዱ።

"ቁርስዎን ምን በሉ?" አሏቸው፣ ገና ከደጃፉ።

አቶ ታዲዮስ መካድ ጀመሩ፤ አልሆነላቸውም። "ስኳር አለብኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ጠዋት መርፌዬን ተወግቼ ካልበላሁ እወድቃለሁ። ንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል።"

"ታዲያ ምን ያስደብቃል?"

"ሊቀመንበር ሆኜ! ኅሩይ ሰምቶ ሊስቅብኝ?"

ወይዘሮ የሻረግ ተናደዱ። "ብንወድቅ የምንደጋገፈው እርስ በርሳችን አይደለም እንዴ? ደግሞ በልተው ስለ ጾም መስበክዎ! ሌላው ቢቀር አጭር ያደርጉት ነበር።"

በሚቀጥለው ስብሰባ አቶ ታዲዮስ ተነሡና በሕይወታቸው አጭሩን ንግግር አደረጉ። "ስኳር አለብኝ፤ ስለደበቅኋችሁ ይቅርታ" ብለው ተቀመጡ። ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ ወይዘሮ ሕብስት የደም ብዛት ኪኒናቸውን ከቦርሳ አወጡ። ከኋላ አንዱ ኩላሊቱን ጠቀሰ፤ ሌላዋ ስለ እንቅልፍ እጦቷ አወራች። ያን ሁሉ ዓመት አብረው ሲቀመጡ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታመም ኖሯል።

አቶ ኅሩይ መጨረሻ ላይ ወደ አቶ ታዲዮስ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

"መርፌው ያማል?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሐኪሜ ለእኔም አዞልኛል፤ ፈርቼ አልጀመርኩም።"

"ነገ ጠዋት ቤት ይምጡ" አሉ አቶ ታዲዮስ። "አሳይዎታለሁ።"