በትከሻ የወረደች መኪና

ሙዘይን መኪናዋን መጀመሪያ ያገኛት ጉም ውስጥ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጋራዥ አለው፤ ያን ቀን ግን አምባሰል ተራራ ላይ ካለች አንዲት መንደር ድረስ የወጣው የቆመ ወፍጮ ሊጠግን ነበር። ከውጫሌ ወደ መንደሯ የሚያወጣው ጥርጊያ ከብዙ ዓመት በፊት በናዳ ስለተቆረጠ የመጨረሻውን ሁለት ሰዓት በእግሩ ነው የወጣው። ወፍጮውን አስነስቶ፣ የሰጡትን ቆሎ ኪሱ ከትቶ ሲመለስ ጉሙ ከላይ ወረደበት። የገዛ እግሩ እንኳ አልታይህ አለው። የቁልቋል አጥር እየዳበሰ ጥቂት እንደሄደ እጁ ቀዝቃዛ ብረት ነካ።

ቀና ቢል ነጭ ላንድክሩዘር ፊቱ ቆማለች። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው በመስኮቱ ያዩታል።

«ወዴት ነህ?» አሉት።

«ወደ ሐይቅ ነበርሁ፤ መንገዱ ጠፋኝ።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ። ግባ።»

ሙዘይን ዞሮ ገባ። የመኪናዋ ወለል በዝገት ተበልቶ ሣር በቅሎበታል። ጉሙ ግን በመስታወቱ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ መኪናዋ የምትሄድ ትመስላለች። ሁለቱም እንደ መንገደኛ ወደ ፊት እያዩ ተቀመጡ።

ሴትዮዋ እትዬ የሺሀረግ ይባላሉ። መኪናዋን ያመጣት ባለቤታቸው አራጋው ነበር፤ ደሴ በጨረታ ገዝቶ ራሱ እየነዳ አወጣት። ያን ቀን እሳቸው ውጫሌ እህታቸው ወልዳ አራስ ጥየቃ ሄደው ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ ክረምቱ ገብቷል፣ ናዳው መንገዱን ወስዶታል፣ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። አራጋው ዛሬ ይሠራል ነገ ይሠራል እያለ መንገዱን ሲጠብቅ ሞተሩ ውኃ ገብቶበት ዛገ። እሱም ታመመና ሞተ።

«አስራ ስምንት ዓመቷ ነው እዚህ» አሉ እትዬ የሺሀረግ። «አንድ ክንድ ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ሥራ ሲቀለኝ እገባና እሄድባታለሁ። እስከ ሐይቁ ዳር ነው የምሄደው። ከዚያ ወዲያ መንገዱን አላውቀውም።»

ሙዘይን ጋራዡ ውስጥ የወደቀውን ኢሱዙ አሰበ። ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሻንሲው፣ ሁሉን የሚሸከመው የብረት አፅም፣ እንደ ገመድ ተጠማዝዟል፤ ሞተሩ ግን አንድ ነገር አልሆነም። ከወንበሩ ወርዶ በሆዱ እየተሳበ ከላንድክሩዘሯ ሥር ገባ። አራቱንም እግር የሚያሽከረክረው ማሽነሪ ዝገት አልነካውም፣ ሻንሲዋም ጤነኛ ነው። ከሥር ሆኖ ጮኸ፦

«እትዬ፣ ይሸጡልኛል?»

«አልሸጥም። መሄድ የምትችል ከሆነ ግን ውሰዳት፤ አስነሳትና መልሳት። ለመንደሩ ትሥራ። እኔን አንድ ቀን ይዘኸኝ ሂድ፣ ይበቃኛል።»

ሙዘይን በማግስቱ የጋራዡን በያጅ አስረስን ይዞ ተመለሰ። አስረስ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ፣ ሲናገር ቀስ የሚል ሰው ነው። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ መከረ። የእትዬ የሺሀረግ ጎረቤት ሽታው ተነስቶ፣ «እናንተ መኪናዋን ሥሩ። እኛ ናዳው ላይ መንገድ እንቆርጣለን» አለ። በዚሁ ተስማሙ።

ሻንሲውንና አካሉን ለያዩት። ሻንሲውን በራሱ እግር ቁልቁል ሲለቁት የሽታው በሬዎች ከኋላ ተጠምደው እንደ ፍሬን ያዙት። አካሉን ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ሥሩ አስገብተው አስራ ስድስት ሰው ተሸከመው። ያን ጠዋትም ጉም ነበር። ሰዎቹ ከወገባቸው በታች አይታዩም፤ ነጯ መኪና በሮቿን ዘግታ፣ እየተወዛወዘች በአየር ላይ ትወርዳለች። ከታች ካለ ሰፈር አንዲት ሴት አስከሬን መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች። ሲቀርቧት አየችና እልልታዋን አቀለጠችው። እትዬ የሺሀረግ ተነቅሎ የነበረውን የጎን መስታወት በጋቢያቸው ጠቅልለው አቅፈው ከኋላ ይከተሉ ነበር።

ሐይቅ ላይ ሥራው አምስት ወር ፈጀ። የኢሱዙው ሞተር ከነካምቢዮው፣ ከነማርሽ ሣጥኑ፣ ላንድክሩዘሯ ላይ ተቀመጠ፤ ነገር ግን ካምቢዮው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ እግር ከሚያካፍለው ሳጥን ጋር አልገጥም አለ።

«እነዚህ ሁለቱ አይተዋወቁም» አለ አስረስ።

«አብሽር፣ እናስተዋውቃቸዋለን» አለው ሙዘይን።

በካርቶን ልክ ወስደው፣ ደሴ ቶርኖ ቤት ወፍራም ላሜራ አስቆርጠው መሐላቸው አስገቡ። ሞተሩ ሲነሳ መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች። ፈትተው ገጠሙት፤ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ፈቱት። አንድ ቀን ሙዘይን ዙሁር ሰግዶ መኪናዋ ሥር ካርቶን ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። በሕልሙ ሞተሩ ሲሠራ ሰማ፤ አይንቀጠቀጥም፣ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ እኩል እኩል ነው። ሲነቃም ድምፁ አልጠፋም። ሐይቁ ላይ አንድ የሞተር ጀልባ ወደ ማዶ ይሄድ ነበር። ሙዘይን በጀርባው እንደተኛ ጀልባው እስኪርቅ አዳመጠ። ዓይኑ ግን ከላዩ ያለው ዘንግ ላይ ነበር። ዘንጉ ከሞተሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ቁልቁል አዘንብሏል።

«አስረስ!» አለ ሳይነሳ። «ሞተሩን ከፍ አድርገን ነው ያስቀመጥነው።»

ሁለት ጣት ዝቅ አደረጉት። መንቀጥቀጡ ቆመ።

አንድ ነገር ቀረ። የኢሱዙውን የጭነት ሣጥን ለማስቀመጥ ላንድክሩዘሯ ከፊት ወንበሮቹ ኋላ መቆረጥ አለባት። ሙዘይን ይህን ሳያስፈቅድ ማድረግ አልሆንለት ብሎ ለእትዬ የሺሀረግ ስልክ ደወለ። እሳቸውም ወረዱ። በኖራ የተሰመረውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት።

«ከወንበሩ ኋላ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔ ወደ ኋላ ዞሬ አይቼ አላውቅም። ቁረጡት።»

በግንቦት መጨረሻ ሽታው መንገዱ ጠባብ ቢሆንም እንደሚያሳልፍ በስልክ ነገራቸው። እትዬ የሺሀረግ መጀመሪያ የጠየቁት ሐይቁን ነበር። በማለዳ፣ ውኃውና ሰማዩ ገና አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሳለ፣ ሦስቱም ጋቢና ገብተው ተነሡ። እትዬ የሺሀረግ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ዛፎቹ ማለፍ ጀመሩ። ወደ ሐይቁ ዳር በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ግን ድንገት፣ «አቁም! አቁም!» አሉ።

በሩን ከፍተው አስመለሳቸው።

ሙዘይን ክው ብሎ ቀረ። አምስት ወር ሙሉ በዓይነ ኅሊናው ያያት ይህችን ጠዋት ነበር፤ እንዲህ ትሆናለች ብሎ አላሰበም። እትዬ የሺሀረግ ከሐይቁ በእፍኛቸው ቀድተው ፊታቸውን ታጠቡ።

«አስራ ስምንት ዓመት ስሄድባት አንድም ቀን አዙሮኝ አያውቅም» አሉ፤ በእውነት ገርሟቸዋል።

መጀመሪያ የሳቀው አስረስ ነው። ከዚያ እሳቸው። ሙዘይን መጨረሻ ላይ ሳቀ፣ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

«ከላይ ይሁኑ፤ ነፋሱ ይሻልዎታል» አለ አስረስ የጭነቱን ሣጥን እያሳየ።

እትዬ የሺሀረግ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ ከጋቢናው ኋላ ያለውን ብረት ይዘው ቆሙ። እውነትም አላዞራቸውም። በሐይቅ ከተማ ባጃጆች መሐል አለፉ፤ ውጫሌን አለፉ። አቀበቱ ሲጀምር ሙዘይን አራቱንም እግር አስያዘ። መኪናዋ በሁለት የተለያየ ድምፅ ስታጓራ ይሰማል፤ አንዱ የሞተሩ፣ ሌላው የአሮጌው ማርሽ ነው። እየቆዩ ሁለቱ ገጠሙ።

ናዳው ላይ አዲሱ መንገድ ከመኪናዋ ስፋት የሚበልጠው በአንድ ጫማ ነው። የመንደሩ ሰው አካፋና ገመድ ይዞ ቆሟል። መሐል ላይ የኋላ ቀኝ ጎማዋ ተንሸራተተና ድንጋዮች ወደ ገደሉ ወረዱ። አስረስ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ጎማው ሥር አስገባ።

«እትዬ፣ ይውረዱ!» ጮኸ ሙዘይን።

የጋቢናው ጣሪያ ሁለት ጊዜ በመዳፍ ተመታ። ሹፌር ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሂድ ማለት ነው። ሙዘይን «ያ ረቢ» ብሎ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ። የፊት እግሮቿ መሬቱን ቆንጥጠው ያዙ። ሳብ አደረገች፣ ቆመች፣ ደግማ ሳበችና ወጣች። እልልታው ከማዶ ተራራ ተመለሰ።

በማግስቱ የውጫሌ ገበያ ነበር። ከንጋት ጀምሮ የገብስ ጆንያ፣ ዶሮ፣ አንድ ጥጃና ሃያ የሚሆን ሰው ተጫነ። አስረስ ሹፌር ሆኖ እዚያው ለመቅረት ከሽታው ጋር ተነጋግሯል። እትዬ የሺሀረግ ሣጥኑ ጫፍ ላይ ቆመው፣ አፋቸው ላይ እጃቸውን እንደ ጡሩንባ አድርገው ይጣራሉ፦ «ውጫሌ! ውጫሌ! ቦታ አለ!» ቦታ አልነበረም።

ሙዘይን ከጆንያዎቹ መሐል ተሸጎጠ። ጥጃው አገጩን ጉልበቱ ላይ ጣለ። ገብሱ ይሸታል፣ ሴቶቹ ስለ ሽንኩርት ያወራሉ፣ ጣሪያው ሁለት ጊዜ ተመታ። ናዳው ጋ ሲደርሱ ነቅቶ ሊጠብቅ አስቦ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንቅልፍ ወሰደው።